ስምንተኛው ወረቀት

ዌንደል ክራውስን ቅናት የያዘው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ማቀዝቀዣው በር ላይ ነው።

አንድ የመስከረም ጠዋት ወተት ሊያወጣ ሲሄድ፣ በሩ ላይ በዓሣ ቅርጽ ማግኔት የተለጠፈች ቁራጭ ጋዜጣ አየ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ስለነበር ፊደሏ አልታየውም፤ ቅርጿ ግን የራሱን አምድ መሰለው። ልቡ ሞቅ አለው። «አርዲስ በመጨረሻ ቆርጣ ለጠፈችልኝ» ብሎ መነጽሩን ዝቅ ሲያደርግ፣ ጽሑፉ የጆሊን ትቬት ሆኖ አገኘው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳዋ ጆሊን! ወተቱን ሳያወጣ በሩን መልሶ ዘጋው።

በሶረንሰን ሐይቅ ከተማ ጽሑፍ የሚመዘነው በማቀዝቀዣ በር ነው። ሰው የወደደውን ይቆርጥና ከልጅ ልጆቹ ፎቶ አጠገብ ይለጥፈዋል፤ ያልወደደውን ዓሣ ይጠቀልልበታል። ዌንደል ገና ፖስታ ቤት ቴምብር ይመታ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ በከተማዋ ጋዜጣ ላይ ‹የሳምንቱ ቃል› የሚል አምድ ሲጽፍ ኖሯል። ጎረቤት ቤት ለእራት በተጠራ ቁጥር «በረዶ ልጨምር» ብሎ ወጥ ቤት ይገባና የማቀዝቀዣውን በር ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ይፈትሻል። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አለ፣ የፒዛ ቤት ስልክ አለ፣ የጠፋ ድመት ማስታወቂያ አለ። የሱ አምድ ግን የለም።

«አርዲስ!» ብሎ ሚስቱን ተጣራ። «ይኼ እዚህ ምን ይሠራል?»

«የሃርላን የሞት ማስታወቂያ ነው። አላነበብከውም እንዴ?»

«አንብቤዋለሁ። ‹ነበር› የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደደጋገመችው ቆጥረሻል?»

«ሰውዬው ሞቷል እኮ ዌንደል፤ ‹ነበር› ካልተባለ ምን ሊባል ነው?»

«ቃል አልቆባታል ነው የምልሽ!»

«አንተ ዘንድ ተርፎ የለ እንዴ? ትንሽ ስጣት» አለችና ወተቱን ራሷ አወጣች።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ «ሃርላን ከሁላችን ቀድሞ ይነሣ ነበር። በረዶ በጣለ ቁጥር የሰባት ቤት ደጅ ይጠርግ ነበር። ማን እንደጠረገው ተናግሮ አያውቅም። ባለፈው ሰኞ ያለ ወቅቱ በረዶ ጣለ። ደጃችን እንደተደፈነ አደረ። ማን ይጠርገው እንደነበር ያን ጊዜ አወቅን።»

ዌንደል እንደገና አነበበው። ሆዱን አንድ ነገር ጨመቅ አደረገው፤ እሱ ግን ቃር ነው ብሎ ክኒን ዋጠ።

ነገሩን ለመረዳት ዌንደልን ማወቅ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አላለፈም፤ ቃል ግን ሌላው ሰው ቴምብር እንደሚሰበስበው ይሰበስባል። ምድር ቤቱ ውስጥ በጫማ ካርቶን የተደረደሩ አራት ሺህ ካርዶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቃል፣ ፍቺውና የትውልድ ሐረጉ ተጽፏል። እንግሊዝኛ ባለ ሁለት ጎተራ ቋንቋ ነው። የታችኛው ጎተራ ከወጥ ቤት፣ ከእርሻና ከከብት በረት የመጡ አጫጭር ቃላት አሉበት፤ ዳቦ፣ ውሃ፣ እጅ፣ ሞት የሚሉት ከዚያ ናቸው። የላይኛው ጎተራ ከሮማውያን መጻሕፍትና ከፈረንሳይ ቤተ መንግሥት በመጡ፣ ካባ በለበሱ ረጃጅም ቃላት ሞልቷል። ዌንደል በታችኛው ጎተራ ደጅ ኮፍያውን አንሥቶ ያልፋል እንጂ አይገባም። ለሱ ሰው አይሞትም፤ «ከሕይወት ድካም ይሰናበታል»። ቤት አይቃጠልም፤ «መኖሪያው የእሳት አደጋ ሰለባ ይሆናል»። ‹አለ› ለሚለው ቃል ብቻ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ምትክ ነበረው፤ አስገነዘበ፣ አወሳ፣ አከለ፣ አንጎራጎረ፣ እያለ ይቀጥላል። ጆሊን ግን ‹አለ› ብላ ጀምራ ‹አለ› ብላ ትጨርሳለች። ሰውም እሷን ቆርጦ ይለጥፋል። ይህ ነበር ቆሽቱን የሚያሳርረው። እሱ አሥራ ስምንት ዓመት ድግስ ደግሶ ማንም ሳይቀምስለት፣ እሷ አንድ የተቀቀለ ድንች አምጥታ ሳህኑ ተላሰላት።

ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይገናኛሉ። በቤተ መጻሕፍቱ የኋላ ክፍል የሚሰበሰብ ሰባት አባላት ያሉት የጸሐፊዎች ማኅበር አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ኮሪን ትመራዋለች። ጡረታ የወጡ አንድ ፓስተር፣ ስለ ድመታቸው ብቻ ግጥም የሚጽፉ ሁለት እህትማማቾች፣ ስልሳ ዓመት ላም ያለበው ቨርደል፣ ከዚያ ዌንደልና ጆሊን። ማኅበሩ አንድ ሥርዓት አለው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ብቻ፣ ስም ሳይጽፍበት፣ በቤተ መጻሕፍቱ ማተሚያ በአንድ ዓይነት ፊደል አትሞ፣ በሩ አጠገብ ባለው አሮጌ የፈንድሻ ጣሳ ውስጥ ይጨምራል። ኮሪን እያወጣች፣ የአየር ሁኔታ እንደሚያነብ ሰው ድምፅዋን ሳትቀይር ታነባለች። ባለቤቱ ፊቱን እንደ ግድግዳ አድርጎ መቀመጥ ነው።

አስተያየቱም የራሱ ሕግ አለው። በሶረንሰን ሐይቅ ሰው ፊት ለፊት አይሞገስም። የመጨረሻው ትልቅ ሙገሳ «አልከፋም» ነው። የመጨረሻው ትልቅ ውግዘት ደግሞ «ለየት ያለ ነው» የሚለው ነው። ዌንደል ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ በድመቶቹ ግጥም ላይ ሲባል አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። በራሱ ገጽ ላይ ሲባል ብቻ ነው ቃል በቃል የሚወስደው። «ዛሬም ለየት ያለ ነው አሉኝ» እያለ ለአርዲስ ይነግራታል። አርዲስም አርባ ዓመት በትዳር የኖረች ሴት ናትና ዝም ትላለች።

ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ የሎሚ ኬክ አለ። የቀረበለትን በመጀመሪያው ግብዣ የሚያነሣ ሰው ስግብግብ ነው። አንዴ «ኧረ ይቅርብኝ»፣ ሁለቴ «ኧረ ቁርስ በልቻለሁ»፣ በሦስተኛው «እንግዲያው ትንሽዋን» ይባላል። ለኬክ ብቻ አይደለም፤ ለሹመትም ለምስጋናም እንዲሁ ነው። ሦስት ጊዜ እምቢ ያላለ ሰው ሲወራበት ይከርማል።

በጥቅምት መጀመሪያ ኮሪን ከጋዜጣው መልእክት ይዛ መጣች።

«አዘጋጇ ደውላልኝ ነበር» አለች። «ጋዜጣው ከአሥራ ሁለት ገጽ ወደ ስምንት ሊወርድ ነው። ለጽሑፍ የሚተርፈው አንድ ጥግ ብቻ ነው። ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ምረጡልኝ፣ በየሳምንቱ እሱ ይጻፍ ብላለች።»

«የኔ አምድስ?» አለ ዌንደል።

«ጥጉ እሱ ነው ዌንደል። ያንተው ነው የቀረው።»

«እና ሌላ ሰው ሊወስደው ነው? አሥራ ስምንት ዓመት እኮ ነው ኮሪን!»

«እኔንም የወተት ኩባንያው ከስልሳ ዓመት በኋላ በአንድ ደብዳቤ ነው ያሰናበተኝ» አለ ቨርደል ኬኩን እያየ። «ያውም የላሞቹን ስም ሳይጠይቅ።»

«ጣሳው ይወስናል» አለች ኮሪን። «የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ሁላችሁም አንድ አንድ ገጽ አስገቡ። ስም የለም፣ ይሉኝታ የለም። የተመረጠው ገጽ ባለቤት ጥጉን ይወስዳል።»

ሁሉም ጆሊንን ላለማየት ሲሉ መስኮቱን አዩ። ዌንደል ይህን አስተዋለ። ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ የማያየው ሊመርጠው ያሰበውን ሰው ነው። ጆሊን ራሷ የአውቶቡስ ጃኬቷን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች ታደርጋለች። «እኔማ ምን እጽፋለሁ፣ ያው የመንገድ ነገር ነው» ስትል ሰማት። ትሕትናዋ ራሱ እንዴት እንደተዋጣላት አይቶ ይበልጥ ቀና።

ሦስት ሳምንት ምድር ቤት ገብቶ ከረመ። ከአራት ሺህ ካርዶች መካከል የሚወደውን አወጣ፤ ሥራን ለነገ ሳይሆን ለከነገ ወዲያ ማሳደር የሚል ፍቺ ያለው፣ ከሮማይስጥ የመጣ፣ ሰው ረስቶት መዝገብ ውስጥ ብቻ የቀረ አንድ ቃል ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቃል መባሉ ዌንደልን እንባ ያስቀርረዋል። ስለዚያ ቃል አንድ ገጽ ጻፈ። ‹አለ› የሚል አንድም ቦታ የለበትም።

የጻፈው አላረካውም። ከዓይኑ የማይጠፋው የጆሊን ገጽ ነው፤ ገና ያላየው፣ ምናልባትም ገና ያልጻፈችው ገጽ። በጉባኤው ፊት «አልከፋም፣ አልከፋም» ሲባልላት ይሰማዋል። ሐሙስ ማታ አርዲስ ሆትዲሹን፣ ያን ሥጋና ድንች የተደራረበበትን የምድጃ ምግብ፣ ምድጃ ውስጥ ከታ «አርባ ደቂቃ ይፈልጋል» ስትል፣ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት። እሱም እንደ እሷ ሊጽፍ! ምን ይከብዳል? አጭር አጭር፣ ደረቅ ደረቅ፣ ‹አለ› ‹አለ›። በዓለም ላይ ካለ ነገር ሁሉ እጅግ የማይረባውን መርጦ፣ አንድም ጌጥ ሳያደርግለት። ወረቀቱን ከራሱ ገጽ ጋር ጣሳው ውስጥ ቢጨምረው፣ ሰው ሁሉ የጆሊን ነው ብሎ ይሰማዋል፤ ሰምቶም «አሁንስ በዛ፣ ጭራሽ አጥንቱ ቀረ» ይላል። ከዚያ የሷን እውነተኛ ገጽ በዚያው ዓይን ያየዋል።

እየሳቀ ጻፈው። አርዲስ ከወጥ ቤት «ምን ያስቅሃል?» ስትለው፣ «ድንች እየቀቀልኩ ነው» አላት። ሆትዲሹ ሲወጣ ገጹም አልቆ ነበር። አንዴ እንኳ መልሶ አላነበበውም፤ ሊነበብ የሚገባው ነገር አልመሰለውም።

ቅዳሜ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰና ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ ጣሳው ውስጥ ጨመራቸው። አንድ ገጽ ብቻ የሚለውን ሕግ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሰ። ሠላሳ ዓመት የሰው ፖስታ በእጁ ሲያልፍ አንድም ቀን ከፍቶ ያላየ ሰው፣ ቅናት ይህን አስደረገው።

ኮሪን ማንበብ ጀመረች። የፓስተሩ ስብከት «አልከፋም፣ ትንሽ ረዘም አለ» ተባለ። ሁለቱ ድመቶች «ለየት ያለ ነው» ተባሉ፤ አንድ በአንድ፣ በተራ። የቨርደል ላሞችና የኮሪን የራሷ ገጽም «አልከፋም» ተብለው አለፉ። ከዚያ የዌንደል ቃል ወጣ። ኮሪን ቃሉን ስትጠራ ሁለት ጊዜ ምላሷ ታሰረ። ሲያልቅ ቨርደል ጉሮሮውን ጠረገና «ይኼ… ለየት ያለ ነው» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ዌንደል ጥልቅ ደስታ ተሰማው።

ቀጥሎ ስለ አንዲት ውሻ ወጣ። ውሻዋ ጌታዋ የነበረው ተማሪ አድጎ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደ በኋላም፣ በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ መንገድ ዳር ትጠብቃለች፤ ሾፌሯም የሚወርድ ሰው ባይኖርም ቆማ በሩን ትከፍትላታለች። የማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «አልከፋም» አሉ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ። ዌንደል ‹ቆይ፣ ቆይ› አለ በልቡ።

ኮሪን የቀረችውን ገጽ አውጥታ አነበበች፦

«አባቴ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ጥቅምት ነው። ውሃው ወገቡ ድረስ ነው። የጀልባ መቆሚያውን ከበረዶው በፊት ማውጣት አለብን። ‹እዚህ ጋ ያዝ› አለ። ያዝኩ። ብሎኑ ዝጓል። እጁ ቀልቷል። መፍቻው ከእጁ ወደቀ። ውሃው ደፍርሷል። ፈለግን። አላገኘነውም። አባቴ አልተቆጣም። ‹ዘንድሮ ውሃው ቀዝቅዟል› አለ። ውሃው በየዓመቱ ያው ነው። ያረጀው እሱ ነው። እሱን አልነገርኩትም። ‹አዎ፣ ቀዝቅዟል› አልኩት። በሚቀጥለው ጥቅምት ብቻዬን ገባሁ። እግሬ አንድ ነገር ረገጠ። መፍቻው ነው። አነሣሁት። ‹አገኘሁት› አልኩ። ዳር ላይ ማንም አልነበረም።»

ዌንደል ሳቁን ጠበቀ። ሳቅ አልመጣም። ማንም «አልከፋም» አላለም። «ለየት ያለ ነው»ም አላለም። ከእህትማማቾቹ አንደኛዋ ከቦርሳዋ መሀረብ አወጣችና ለሌላኛዋ ሰጠቻት። ቨርደል ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ የሌላ ሰው እጆች ይመስል ያያቸዋል። ኮሪን ራሷ፣ ድምፅዋን ቀይራ የማታውቀዋ ኮሪን፣ ወረቀቱን ስታስቀምጥ መነጽሯን አወለቀች።

ምርጫው በቁራጭ ወረቀት ተደረገ። ኮሪን ቆጠረች። «ስድስት ለመፍቻው። አንድ…» አለችና ቆም ብላ፣ «አንድ ለከነገ ወዲያው።» ያቺ አንድ ድምፅ የማን እንደሆነች ሁሉም ስለገባቸው፣ ሁሉም እንዳልገባቸው ሆኑ።

«የመፍቻው ባለቤት ይነሣ» አለች ኮሪን።

ማንም አልተነሣም። አምስት ሰው ፈገግ ብሎ መስኮቱን አየ።

«የኔ አይደለም» አለች ጆሊን።

«አንድ» አለ ቨርደል በሹክሹክታ።

«ኧረ እውነቴን ነው፣ የኔ አይደለም።»

«ይገባናል የኔ እመቤት» አሉ ፓስተሩ በደግነት። «ትንሽ ጊዜ ውሰጂ።»

«አይደለም እያልኳችሁ! እኔ የጻፍኩት ሌላ ነው!»

«ሦስት» አለ ቨርደል፣ እንደ ደንቡ። ኮሪንም እንደ ደንቡ ወረቀቱን ወስዳ ጆሊን ፊት አስቀመጠችው፤ እህትማማቾቹ ኬኩን ገፋ አድርገው አቀረቡላት። ጆሊን በግራ መጋባት አንዱን ሰው ከሌላው ታያለች። ሦስት ጊዜ እምቢ ካሉ በኋላ አራተኛ እምቢታ ምን ተብሎ እንደሚነገር በሶረንሰን ሐይቅ የሚያውቅ ሰው የለም።

ዌንደል ወንበሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ቅናት ብዙ ዓይነት እንዳለው ያውቃል፤ እንዲህ ያለው ግን ገጥሞት አያውቅም። በሕይወቱ ተመስግኖ የማያውቀውን ያህል ሲመሰገን፣ ምስጋናውን የምትቀበለው እሷ ናት። በገዛ እጁ ሥራ፣ በሷ ፊት ስለተቀመጠ ብቻ፣ ይቀናል። ቢናገር ተንኮሉ ይወጣል። ዝም ቢል አምዱ ይሄዳል። ዝም ማለቱን መረጠ።

እዚያው ላይ ባበቃ ነበር፣ ቨርደል ባይናገር።

«ጆሊን፣ አባትሽን አውቀው ነበር» አለ ቨርደል። «ልክ እንዲህ ነበር። ቢበርደውም ‹በረደኝ› አይልም፣ ‹ውሃው ቀዝቅዟል› ነው የሚል። ቁርጥ እሱን ነው የጻፍሽው።»

«የኔ አባት ነው!» አለ ዌንደል።

ቆሞ ነበር። መቼ እንደቆመ አላወቀም።

«የሷ አይደለም፣ የኔ አባት ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ከዚያ ሰዎቹ አፍረውለት ዓይናቸውን ሰበሩ። አንዴ እንኳ እምቢ ሳይል፣ የሌላ ሰው ሳህን ላይ እጁን የሰደደ ስግብግብ ሰው ነው ያዩት።

«ዌንደል፣ ተቀመጥ በሞቴ» አለች ኮሪን በቀስታ። «አምዱ እንደከበደህ እናውቃለን።»

«አንተማ ብትጽፈው ኖሮ» አለ ቨርደል፣ «ውሃውን ‹ፈሳሽ አካል› ትለው ነበር። መፍቻውንም ‹የብረት መገልገያ›።»

ፓስተሩ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ዌንደል አንድ ቃል አጣ። አራት ሺህ ካርድ ምድር ቤት ተቀምጦ እሱ አንዲት ቃል አጣ።

ጆሊን ብቻ አልሳቀችም። የሷ አለመሆኑን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ጃኬቷን ትታ ዌንደልን ፊት ለፊት አየችው፤ በዚያ ቀን ሰው ዓይን ለዓይን ሲያየው የመጀመሪያው ነበር።

«መፍቻውን ምን አደረግከው?» አለችው።

«ምን?»

«ካነሣኸው በኋላ። ገጹ ላይ የለም። ምን አደረግከው?»

«ኪሴ ከተትኩት» አለ ዌንደል።

«ከዚያስ?»

«ከባድ ነው። ሱሪዬን ወደ ታች ጎተተው። በአንድ እጄ ሱሪዬን ያዝኩ። በሌላው ብሎን ፈታሁ። አባቴ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ማልቀስ መጣብኝ። ሱሪዬን ለቀቅኩት።»

«እና ወደቀ?»

«እስከ ቁርጭምጭሚቴ። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነበር።»

ማንም አልሳቀም፤ ቨርደል ብቻ «አዎ፣ ይቀዘቅዛል» አለ። ከሱ በኋላ የገጹ ባለቤት ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ኮሪን ወረቀቶቹን ሰብስባ መቁጠር ጀመረች። ሰባት ላይ ደርሳ አንድ በእጇ ቀረ።

«ሰባት ሰዎች ነን» አለች። «ስምንት ወረቀት ነው። ዌንደል፣ ሁለት ነው ያስገባኸው?»

«ሁለት።»

«ለምን?»

«አንዱ እንዲመረጥ» አለ ዌንደል፣ «ሌላው እንዲሳቅበት።»

«ሳቁ ታዲያ የት ሄደ?» አለ ቨርደል።

ኮሪን መነጽሯን መልሳ አደረገች። «እንግዲህ» አለች። በሶረንሰን ሐይቅ ‹እንግዲህ› ከባድ ተግሣጽ ነው፤ ሰው ለዓመታት ያስታውሰዋል። ሁለት ገጽ ያስገባ ሰው ሁለቱም ገጾቹ ይወጣሉ ተባለ። ምርጫው ዌንደል በሌለበት ተደገመ። እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የጠፉ ጓንቶች ሣጥን ሲያይ፣ ውሻዋ አሸነፈች። ጆሊን ሦስት ጊዜ እምቢ አለችና በሦስተኛው ጥጉን ተቀበለች። በሩ በከፊል ክፍት ስለነበር አንድ በአንድ ሰማት። ሦስቱንም ቆጠረ።

መኪና ማቆሚያው ላይ በረዶ እንደ ዱቄት ይበናል። ዌንደል ቁልፉን ሲፈልግ ከኋላው እርምጃ ሰማ።

«ዌንደል።»

«እ።»

«በኔ ልትቀልድ ነው የጻፍከው፣ አይደል?»

«አዎ።»

ጆሊን ራሷን ነቀነቀች። የተቆጣች አትመስልም። ሌላ ነገር ነው የያዛት፤ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«እኔም የመረጥኩት እሱን ነው» አለች። «የራሴን ትቼ። ስንት ቀን ፈጀብህ?»

«ቀን? ቀን አልፈጀብኝም። አርባ ደቂቃ። ሆትዲሹ እስኪበስል።»

«አርባ ደቂቃ?»

«ያህል።»

«ውሻዋን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ነው የፈጀብኝ» አለች ጆሊን፤ ድምፅዋ ከፍ እያለ ነው። «አውቶቡሱን እያቆምኩ ነው የጻፍኩት! የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አሥራ አራት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። ሰው ሁሉ ቀላል ነው ይለኛል፣ እንዲሁ የሚፈልቅልኝ ይመስለዋል። ደም እየተፋሁ ነው የምጽፈው! አንተ ደግሞ… እየሳቅክ… ሆትዲሽ እስኪበስል!»

ዌንደል ፊቷን አየ። ጉንጯ ቀልቷል፤ ዓይኗ ጠቧል፤ አፏ ሊናገር የማይፈልገውን ነገር ዘግቶ ይዟል። ይህን ፊት የት እንደሚያውቀው ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከመስከረም ጀምሮ ጢሙን በተላጨ ቁጥር በመስታወት ውስጥ ሲያየው የከረመ ፊት ነው።

ይቅርታ ሊል አስቦ ነበር፤ ቃሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አሁን ሳስበው» አለ፣ «ሠላሳ አምስትም ሊሆን ይችላል።»

ጆሊን የፒክአፕ መኪናዋን በር ድው አድርጋ ዘግታ ሄደች። የኋላ መብራቷን ሳታበራ ነበር የወጣችው፤ አውቶቡስ ነጂ ሆና።

ቤት ሲደርስ አርዲስ ዜናውን ልትጠይቅ በሩ ላይ ጠበቀችው። ካፖርቱን ሲያወልቅ ያፏጫል።

«አምዱን ሰጡህ እንዴ?» አለች።

«ለጆሊን ነው የሰጡት።»

«አሥራ ስምንት ዓመት የጻፍከውን?»

«እሱን ነው የሰጧት። እኔንም ከውድድሩ አስወጥተውኛል።»

አርዲስ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «ታዲያ ምን አግኝተህ ነው የምታፏጨው?»

ዌንደል ካፖርቱን ሰቀለ። ኮፍያውንም ሰቀለ። ከዚያ ዞሮ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ፣

«ቀናችብኝ» አለ።